ጥሪኝ ያለፈበት ቋሚ

ሽታው ከሰውየው ቀድሞ ቤት ገባ።

ሰኔ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ቡሬ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ውስጥ ስለነበረች የጎረቤቴ ቤት እንኳ አይታይም። ደጃፌ ላይ የቆመው ከያዮ የመጣ ማር ሻጭ ነው፤ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ባርኔጣውን አውልቆ ውሃውን እያራገፈ፣ "የመቱዋ የእትዬ የሺ ልጅ፣ ሙሉ አንቺ ነሽ?" አለኝ። እኔ ግን ዓይኔ እሱ ላይ አልነበረም። ከብብቱ ሥር በደረቀ የኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ሽታው የሚመጣው ከዚያ ነው። መጀመሪያ አፍንጫን የሚመታ፣ እንደ በረት የሚከብድ፣ ትንሽ ቆይቶ ግን ሣጥን ውስጥ እንደተረሳ ሽቶ የሚጣፍጥ። እንዲህ የሚሸት ሰው በሕይወቴ አንድ ብቻ ነው የማውቀው።

"አባ ጋሮ ምን ሆኑ?" አልኩት።

"ማን ነገረሽ?" አለ ደንግጦ። ከዚያ ጥቅሉን በሁለት እጁ ሰጠኝ። "ቡናው ሲያብብ ነው ያረፉት። ጫካው ሁሉ ነጭ ሆኖ ነበር።"

ኮባውን ስፈታው የበሬ ቀንድ አገኘሁ፤ አፉ በሰም ተደፍኗል። ከቀንዱ ጋር የተላከ አንድ ቃልም ነበር፤ ሰውየው እንዳለ ነገረኝ። እሱን ግን መጨረሻ ላይ ነው የምጽፈው፤ አባ ጋሮን ለማያውቅ ሰው ምንም አይነግረውምና።

አባ ጋሮ መቱ ውስጥ፣ ከቤታችን ዝቅ ብሎ ወደ ሶር ወንዝ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ይኖሩ ነበር። የጥሪኝ ሰው ነበሩ። ጥሪኝ ከድመት ተለቅ ያለ፣ ዓይኑ ላይ ጥቁር ጨርቅ ያሰረ የሚመስል፣ ገላው ዝንጉርጉር የሆነ የጫካ አውሬ ነው። ከጅራቱ ሥር የሚወጣው ቅባት ዝባድ ይባላል። ዝባዱ ቀንድ ውስጥ ተሞልቶ ወደ ጎሬ ነጋዴዎች ይሄዳል፣ ከጎሬም ፈረንጆች ሽቶ ወደሚሠሩበት አገር ይሻገራል ይባል ነበር። ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት አባታቸው ብዙ ጥሪኝ ነበሯቸው። እሳቸው ጣሊያን ከወጣ በኋላ በሦስት ጀምረው፣ እኔ ነፍስ ባወቅሁበት ጊዜ አንድ ብቻ ቀርቷቸው ነበር።

ረጅምና ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ፤ አንዱ ትከሻቸው ዘንበል ያለ። በገበያ ሲያልፉ ሰው አፍንጫውን ይይዛል። እሳቸው አይቆጡም። "እዚህ ትሸሹኛላችሁ፤ ፈረንጅ አገር ብሆን ግን ሴቱ ሁሉ በተከተለኝ" ይሉና ይስቃሉ። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይነቃነቃል።

ወደ ቤታችን የመጡት በአይጥ ምክንያት ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ቤት ተቀምጬ ነበር፤ አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እናቴና እኔ ዓመቱን የምንበላው ጓሯችን ካለው ጎምቢሳ ነው። ጎምቢሳ በቆሎ የሚቀመጥበት፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በአራት ቋሚ ላይ የቆመ የእንጨት ጎተራ ነው። የኛው የሣር ክዳኑ በጣም ሰፊ ስለነበር ሥሩ ያሉት ቋሚዎች ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሳይነካቸው ይከርማሉ። በዚያ ዓመት ጥር ላይ እናቴ መሰላሉን ወጥታ እጇን ስትሰድ አይጠ መጎጥ በክንዷ ላይ ሮጠ። ያወጣችው ፍሬው ተለቅሞ ያለቀ ባዶ ቆረቆንዳ ነው። ሌላም አወጣች፤ እሱም ባዶ። ወርዳ መሰላሉ ሥር ተቀመጠች።

"በዚህ ዓይነት እስከ እሸት አያደርሰንም" አለች። እሸት የሚደርሰው ነሐሴ ሲያልቅ ነው።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ከአጥር ወዲያ ሆነው፣ "መርዝ አድርጊበት" አሉ።

"ዓምና መርዝ ሲያደርጉ የሞቱት ዶሮዎችዎ አይደሉም እንዴ?" አለቻቸው እናቴ።

"አይጦቹም ሞተዋል!"

"ስንቱ?"

እትዬ አስካለ ትንሽ አሰቡ። "አንዱን በዓይኔ አይቻለሁ" አሉ።

በማግስቱ እናቴ አባ ጋሮን ጠራቻቸው። በቅርጫት አሮጌ ሣር ይዘው መጡ፤ ጥሪኙ የተኛበት፣ ቆሻሻውም ያለበት ሣር። በሌላው እጃቸው ጥሪኙ ሲታከክበት የኖረ፣ በቅባት የጠቆረ ዱላ ይዘዋል። ጎምቢሳውን ዞረው አዩት። ከዚያ ያደረጉት ነገር እስከ ዛሬ በዓይኔ ላይ ነው። ያ ሁሉ ቁመታቸው እጥፍ አለ። አንገታቸውን አቀርቅረው፣ እግራቸውን ሳያሰሙ፣ በጎምቢሳው ሥር መሄድ ጀመሩ። ሁለት እርምጃ ሄደው ይቆማሉ፤ ያዳምጣሉ፤ ዱላውን ከቋሚው ጋር በጉልበታቸው ከፍታ ያሻሹትና ያልፋሉ። ጠዋቱ ጉም ነበር። ሲርቁ ግራጫ ጋቢያቸው ከጉሙ ጋር ይቀላቀልና ሰው መሆናቸው ይጠፋብኛል።

እትዬ አስካለ ከአጥሩ ላይ፣ "ድግምት ነው እንዴ ጋሼ?" አሉ።

"ድግምት ቢሆን እንዲህ ይሸት ነበር?" አሉ አባ ጋሮ ሳይቃኑ።

በኋላ ቁጭ ብለው ወተት ሲጠጡ ለእናቴ አስረዷት። ሥጋችንን አይበሉም፣ እስላም ናቸው፤ ወተትና ቆሎ ግን ደስ ይላቸው ነበር። "አይጥ የሚያየው በአፍንጫው ነው" አሉ። "ጥሪኝ ደግሞ አይጥ ይበላል። አይጥ ይህን ከእናቱ ሆድ ጀምሮ ያውቃል። ሽታውን ሲያገኝ ጠላቱ አሁን እዚህ አልፏል ይላል። ግን አይጥ ሞኝ አይደለም። ሽታው አንድ ቦታ ተጎልቶ ከዋለ፣ ይህ ውሸት ነው ይልና ተመልሶ ይገባል። ጥሪኝ አንድ ቦታ አይቆምም። ዛሬ በዚህ፣ ነገ በዚያ። እኛም እንደ እሱ መሄድ አለብን። ሱታ፣ ሱታ።" ሱታ በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው። አባ ጋሮ ሱታ የማይሉበት ቀን አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ከጎምቢሳው የሚሰማው የጥርስ ድምፅ ቀነሰ። በሳምንቱ ጠፋ። እናቴ ግን ሣሩ በየጊዜው መታደስ እንዳለበት ስትሰማ ተጨነቀች። የጥሪኝ ቤት ባዳ አይገባበትም፤ ሴት ደግሞ ጭራሽ። ዓይን ይወድቅበታል፣ ዝባዱ ይደርቃል ይባላል። ታዲያ ማን ያመጣል? አባ ጋሮ እኔን አዩኝ። እኔ በር ጥግ፣ እንደ ልማዴ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ቆሜ ነበር። ሰው ፊት መናገር አልችልም ነበር፤ እናቴ በዚህ ስታፍርብኝ ነው የኖረችው።

"ይቺ ልጅ ትምጣ" አሉ።

"እሷማ አፍ የላትም" አለች እናቴ።

"ለዚህ እኮ ነው" አሉ።

የጥሪኙ ቤት ጠባብና ሞቃት ነበር፤ እሳት አይጠፋበትም። ጥሪኙ ከእንጨት በተሠራ ረጅምና ጠባብ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ዞር ማለት አይችልም። መጀመሪያ ቀን የእሳቱ ብርሃን ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ሁለት ፍም መስሎኝ ነበር። አባ ጋሮ በጆሮዬ፣ "እንዴት ያምራል አይባልም። ስንት ነው አይባልም። ምንም አይባልም" አሉኝ። ምንም አላልኩም። በሕይወቴ ዝም ማለቴ ለአንድ ነገር ሲጠቅም የዚያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ስንወጣ፣ "ዝም ማለት ሥራ ነው፣ ኢንተላ ኮ። አንቺ ሥራውን ታውቂዋለሽ" አሉኝ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ማለታቸው ነው።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሄድኩ። ዝባዱን ሲያወጡ አይቻለሁ። ጅራቱን በአንድ እጃቸው ይይዛሉ፤ በቀንድ ማንኪያ ቀስ ብለው ይጠርጋሉ፤ የቆሰለውን ቦታ ቅቤ ይቀቡለታል። ሲጨርሱ ሁልጊዜ ሣጥኑ ላይ ግንባራቸውን አስደግፈው "ዲፋማ" ይሉታል። ይቅርታ ማለት ነው። ይህንን ለአውሬ የሚል ሰው ሌላ አላየሁም። ቀልዳቸውም አያልቅም ነበር። እናቴ ለጥሪኙ ከፋሲካ የተረፈ ሥጋ አስይዛኝ ስሄድ፣ "እኔ የክርስቲያን ሥጋ አልበላም፤ እሱ ግን ከሁላችንም እጅ ይበላል። በሁዳዴ ዛሬ ጾም ነው ብዬ ብነግረው አልሰማ አለኝ" አሉ።

ከጥሪኝ ቤት ስመለስ ሽታው ፀጉሬ ውስጥ ያድራል። በእንቅልፌ ጥሪኙ ከሣጥኑ ወጥቶ በከተማው ውስጥ ሲሄድ አየው ነበር፤ በየቤቱ ቋሚ ቆም እያለ፣ ማንንም ሳይቀሰቅስ። ያ ሕልም አያስፈራኝም ነበር። እንደሚጠብቀን ነበር የሚሰማኝ።

ግንቦት ሲያልቅ ሽማግሌዎች ሊጠይቁኝ እንደሚመጡ ተነገረን። ከቡሬ የሚመጡ ናቸው፤ ልጁ ልብስ ሰፊ ነው። እናቴ ቤቱን ለቀለቀች፣ ቄጠማ አስመጣች። እትዬ አስካለ ሊያግዙን መጥተው ገና ከበሩ አፍንጫቸውን ያዙ። "ወይ ሙሉዬ! አንቺም ቤቱም ዝባድ ዝባድ ትላላችሁ። ሽማግሌዎቹ ልጅ ነው ወይስ ጥሪኝ ነው የጠየቅነው ይላሉ እኮ!" ለቀልድ ነበር ያሉት፤ እናቴም ሳቀች። እኔ ግን ፊቴ ተቃጠለ።

ለማንም ሳልናገር፣ ሽማግሌዎቹ ሊመጡ በዋዜማው እናቴ ገበያ ስትሄድ፣ አመድና ውሃ በጥብጬ አራቱንም ቋሚዎች አጠብኩ። በቆረቆንዳ ፈተግኋቸው፤ እንጨቱ እስኪነጣ። ሣሩን ሰብስቤ ገደል ከተትኩት። ራሴንም በእንዶድ ታጠብኩ። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁን፣ ሌላ ቀን ተቀጥሮላቸው ሄዱ። ስለ ሽታ የተናገረ ሰው አልነበረም።

በዚያው ሰሞን አባ ጋሮ ወባ ይዟቸው ተኝተው ነበርና አዲስ ሣር አልመጣም። ዝናቡም ገባ። አይጦቹ ተመለሱ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ነበሩ፤ ቀጥሎ የቀሩትን ሁሉ ጠርተው የመጡ መሰለኝ። ሰኔ አጋማሽ ላይ እናቴ መሰላሉን ወጥታ ስትወርድ ፊቷ ሌላ ሆነ። "ግማሹ የለም" አለች። እሸት ገና ከሁለት ወር በላይ ይቀረዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እራት ላይ ለኔ ሰጥታ እሷ "ጠግቤያለሁ" ማለት ጀመረች። አልጠገበችም። ሁለታችንም እናውቃለን።

አባ ጋሮ ገና ሳይድኑ በዱላ ተደግፈው መጡ። ጎምቢሳው ሥር ገብተው አንደኛውን ቋሚ በጣታቸው ዳበሱት። ጣታቸውን አሸተቱ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ብርሃን አውጥተው ረጅም ጊዜ አዩት። እኔ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ምላሴ ግን እንጨት ሆነ።

ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና "ዘንድሮ ዝናቡ ከበደ" አሉ። "ዝናቡ ነው ያጠበው።"

እናቴ ክዳኑን ቀና ብላ አየች። እኔ ዓይናቸው ደክሞ ነው፣ ወባውም አለ፣ አላወቁም ብዬ አሰብኩ። እፎይ አልኩ። እፎይ በማለቴም አፈርኩ።

"አዲስ ሣር ላምጣ?" አልኩ በቀጭን ድምፅ።

"ሣር አሁን አይበቃም" አሉ። "አይጦቹ ሽታው ሄዶ ምንም እንዳልመጣባቸው አይተዋል። እንግዲህ ባለቤቱ ራሱ መምጣት አለበት።"

እናቴ ነገሩ የገባት ቆይቶ ነው። "ጥሪኙን? ሰው እያየው?" አለች። "አይሆንም፤ አንድ ነው የቀረዎት።"

"እናንተስ ስንት ጎምቢሳ አላችሁ?" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሣጥኑን በጋቢያቸው ሸፍነው፣ ሁለት ሰው አሸክመው ዳገቱን ወጡ። ሠላሳ ዓመት የደበቁትን ነገር በአደባባይ ሲያመጡት ሰው ሁሉ ከየበሩ ወጣ። ሣጥኑ ጎምቢሳው ሥር ተቀመጠ። ነፋስ መጣና የጋቢውን ጫፍ ገለጠው። እትዬ አስካለ ከአጥሩ ላይ፣ "ኧረ እንዴት ያምራል!" አሉ።

ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አባ ጋሮ ሣጥኑን መልሰው ሸፈኑት። "ምንም አይደለም" አሉ፤ ለእትዬ አስካለ ነው ወይስ ለጥሪኙ፣ አላወቅሁም።

አራት ቀን ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ በሩን ስከፍት አይጦቹን አየኋቸው። በአጥሩ ሥር፣ ጉሙ ውስጥ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ሆኖ ወደ ገደሉ ይወርዱ ነበር። ድምፅ የላቸውም። አባ ጋሮ ቁጭ እንዳሉ ነቅተው ያዩአቸዋል። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉልኝ። ሁለታችን የመጨረሻው አይጥ እስኪያልፍ ጠበቅን።

በቆሎው እስከ እሸት አደረሰን፤ በቁጠባም ቢሆን አደረሰን።

ጥሪኙ ግን ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ እህል አልቀምስ አለ። ዝባዱም ደረቀ። እናቴ ስታለቅስ አባ ጋሮ፣ "ዓይን ነው፣ ያልፋል፤ ካላለፈም ጫካ አለው" አሏት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጠሩኝና ሣጥኑን ይዘን ከሶር ወንዝ ወዲያ ወዳለው ጫካ ሄድን። በሩን ከፈቱለት። ጥሪኙ ወጣ፤ ግን መዞር አቃተው። ስንት ዓመት ሳይዞር ኖሮ ቀጥ ብሎ ብቻ ሄደ። አንድ ዛፍ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ጀርባውን አስጠግቶ ታሸበት፣ ጉሙ ውስጥ ገባ።

"ይኸው፣ ዛፉን የራሱ አደረገው" አሉ አባ ጋሮ። ከዚያ በለሆሳስ "ዲፋማ" አሉ።

ያን ጊዜ ልነግራቸው ፈለግሁ። እሳቸው ፊቴን ሳያዩ፣ "ዝም ማለት ታውቂያለሽ" አሉኝ። "መናገርም ሥራ ነው። እሱን ደግሞ ሱታ፣ ሱታ ትማሪዋለሽ።" ባዶውን ሣጥን ተሸክመው ቀደሙኝ። እኔም ተከተልኳቸው።

መስከረም ላይ ያዮ ወዳለው የወንድማቸው ልጅ ዘንድ ሄዱ። እኔም ለቡሬው ልብስ ሰፊ ተዳርኩ። ባሌ ደግ ሰው ነው። ለእሱም ቢሆን ያንን የአመድ ውሃ ነገር ነግሬው አላውቅም።

አሁን ማር ሻጩ ያመጣውን ቃል ልጻፍ። አባ ጋሮ ሊሞቱ ሲሉ ቀንዱን ሰጥተውት እንዲህ አሉት። "ለዚያች ዝም ለምትል ልጅ ስጣት። አመድ አታስነኪው በላት።" ይህን ብለው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ አለኝ።

ያውቁ ነበር። ጣታቸውን ወደ ብርሃን ካወጡበት ሰዓት ጀምሮ ያውቁ ነበር። አውቀው ነው የመጨረሻውን ጥሪኛቸውን ሰው ፊት ያወጡት።

"የምን አመድ ነው?" አለኝ ማር ሻጩ።

አስቀመጥኩትና ነገርኩት። ቋሚውን፣ ሽማግሌዎቹን፣ እናቴ ጠግቤያለሁ ያለችበትን እራት፣ ሁሉንም። ለማላውቀው ሰው፣ ያለ ነጠላ፣ በሙሉ አፌ። ስጨርስ ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር።

ሰሙን አንስቼ ከዝባዱ በዱላ ጫፍ ነካ አደረግሁና ጓሮ ወዳለው ወደ ራሴ ጎምቢሳ ሄድኩ። ጎንበስ አልኩ። ሁለት እርምጃ፣ ቆም፤ ሁለት እርምጃ፣ ቆም። አንደኛውን ቋሚ በጉልበቴ ከፍታ ነካሁት፣ ሁለተኛውን ነካሁት። ሦስተኛው ላይ ግንባሬን አስደገፍኩና "ዲፋማ" አልኩ።

ማር ሻጩ ከበረንዳው፣ "ምን አልሽ?" አለኝ።

ጮክ ብዬ ደገምኩት።